«ዘውድ ደፍታ» ወይስ «አክሊል አድርጋ»? ቲያራን ምን እንበለው?

ብራና ፋቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። ስለ ስዊድን ነገሥታት ጌጣጌጥ የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ተገተርኩ። ልዕልት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 2010 ስቶክሆልም ላይ ስትሞሸር ራሷ ላይ ያደረገችው ቲያራ ነው ጉዳዩ። ወርቅ ነው፤ ሉል አለው፤ ምስል የተቀረጸባቸው 7 ፈርጦች ፊት ለፊት ተደርድረውበታል። «ዘውድ ደፍታ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው ደነገጥኩ። አባቷ ዙፋን ላይ ናቸው! አነገሥኳት እኮ። ምን ልበል?

ወልደ ቅኔ፦
«ዘውድ»ን እርሳው። «አክሊል» በል፣ አለቀ። የግእዝ ግሡ ከለለ ነው፤ ዳዊት ላይ «ክብረ ወስብሐተ ከለልኮ» (በክብርና በምስጋና ከለልኸው) እያልን ስንደግም ያደግንበት። ክልልም አክሊልም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

የሸዋ ልጅ፦
ወልደ ቅኔ፣ ቀስ በል። ከለለ ማለት ዙሪያውን ከበበ ነው። ቲያራ ደግሞ ከፊት ብቻ ነው የሚቆመው፤ ከኋላ ክፍት ነው። ያልከበበ ነገር እንዴት አክሊል ይባላል?

እሙ ሐና፦
እኔ ሙሽራ አለብሳለሁ። ሱቅ ውስጥ «ክራውን» ነው የምንለው፤ ቬሎው ላይ በፒን ይያዛል። «አክሊል» ስንል ግን ሰዉ የሚያስበው ተክሊሉን ነው፤ ካህኑ ለሁለቱም የሚደፉላቸውን። የስዊድን ሠርግ ላይ ሙሽራው ራሱ ላይ ምንም የለውም። ስለዚህ አክሊልም ያሳስታል፣ እህቴ ትሙት።

ወልደ ቅኔ፦
የሸዋ ልጅ፣ ዳዊት 5ን መጨረሻውን አንብብ። «ከመ ወልታ ሥሙር ከለልከነ» (እንደ ተወደደ ወልታ ከለልኸን) ይላል። ወልታ ጋሻ ነው። ጋሻ ዙሪያ ይከባል? ከፊት ነው የሚመከተው! ከፊት ቆሞም ይከልላል ማለት ነው። እኔ ይችን ያገኘኋት ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ነው።

ዘመን ቆጣሪ፦
ስለ ዕቃው አንድ ነገር ልጨምር። የናፖሊዮን ሚስት የእቴጌ ጆሴፊን ነበር ይባላል። የልጅ ልጇ፣ እሷም ጆሴፊን፣ እ.ኤ.አ. በ1823 ለልዑል ኦስካር ተድራ ስዊድን ገባች፤ ጌጡም በእሷ በኩል ነው የደረሳቸው። የቪክቶሪያ እናት ንግሥት ሲልቪያም በ1976 በዚሁ ነው የተሞሸሩት። ቀኑም ያው ጁን 19።
ደግሞ ብራና ፋቂ፣ «ዘውድ ደፋ ማለት ነገሠ ነው» ያልከው ስዊድን ላይ አይሠራም። እዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ዘውድ የደፋው ኦስካር 2ኛ ነው፤ በ1873። በ1907 የነገሠው ጉስታፍ 5ኛ አልደፋም፤ ከእሱ ወዲህም የደፋ የለም። አባቷ ራሳቸው በ1973 ሲነግሡ አልደፉም።

ብራና ፋቂ፦
ይሄንንስ አላሰብኩትም። ግን አንባቢዬ አማርኛ ተናጋሪ ነው። «ዘውድ ደፋች» ሲባል የሚታየው ንግሥ ነው።

የሸዋ ልጅ፦
ዘውድ ከተነሣ የራሴን ልበል። ዘ እና ዐውድ ነው፤ «የሚዞር፣ ዙሪያ ያለው» ማለት። በግእዝ ዖደ ማለት ዞረ ነውና። ስለዚህ ዙር ለሆነው ዘውድ፣ ለግማሹ ሌላ ስም እንፈልግ።

ወልደ ቅኔ፦
ዐይኑ (ፊደሉ «ዐ») የት ገባ ታዲያ? ዐውደ ምሕረት ላይ ያልተዋጠ ዐይን ዘውድ ላይ ብቻ ተዋጠ? በድምፅ መመሳሰል ግስ አይገኝም።

የሸዋ ልጅ፦
በአማርኛ ዐይን ሲዋጥ አላየህም? «አውዳመት» እንል የለ?

ወልደ ቅኔ፦
እሱ አማርኛ ነው፤ እኔ የማወራው ግእዝ ነው። ደግሞ «ቀጸላ»ን ረስታችሁታል። ቀጸለ ማለት ሸለመ፣ አቀዳጀ ነው። ቲያራን ይህች ቃል ትሸከመዋለች።

እሙ ሐና፦
ቀጸላ ብሎ ሱቄ የሚገባ ሙሽራ የለም። «የራስ ጌጥ» ቢባልስ?

ብራና ፋቂ፦
«ቲያራ» ብዬ ትቼ፣ መጀመሪያ ላይ «ሙሽሮች ግንባራቸው በላይ የሚያደርጉት ጌጥ» ብል ይሻላል? ነገ ማስረከብ አለብኝ።

ወልደ ቅኔ፦
የሸዋ ልጅ፣ ስለ ጋሻው እኮ አልመለስክልኝም።