የዲዋሊ በዓል ልቀርጽ ነው፤ ዶክመንተሪ እንዲመስል ምን ላድርግ?

የፈረንጅ አራዳው ካሜራማን
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጅማ ነው። ሰርግና ምርቃት ነው የምቀርጸው። አንድ ህንዳዊ መምህር ቤታቸው የሚያከብሩትን ዲዋሊ (የሂንዱዎች የብርሃን በዓል) እንድቀርጽላቸው ጠይቀውኛል። «ሀገር ቤት ላሉት እናቴ የምልከው ነው፤ ዶክመንተሪ ይምሰል፣ ዘፈን አትጫንበት» አሉኝ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ነጭ፣ ጣሪያው ላይ አንድ ኤልኢዲ አምፖል። ያለኝ አንድ ካሜራ፣ 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስና ጂምባል (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዝ መያዣ) ነው። መብራት ልትከል? የት ልቁም? እንደ ሰርግ «አንዴ ድገሙልኝ» ይባላል?

ኪቶ ሰፈር
ጥምቀት ላይ ታቦቱን «ተመልሰው አንዴ ይውጡልኝ» ትላለህ? በቃ እሱ ነው መልሱ 😂

ቡና በጨው
ህንድ ነው የተማርኩት፣ እዚያ በዓል ብዙ ቀርጫለሁ። ከመሳሪያው በፊት ቅደም ተከተሉን እወቅ። ቀን ላይ ሂድና ሰውዬውን ወይም ባለቤታቸውን ቁጭ ብለህ ጠይቅ። ከቤት ቤት ትንሽ ይለያያል፣ በጥቅሉ ግን ቤቱ ይጸዳል፣ ደጃፉ ላይ በቀለም ዱቄት ራንጎሊ ይሳላል፣ ማታ መጀመሪያ አምላኩ ጋኔሽ ከዚያ አምላኳ ላክሽሚ ይመለካሉ። ቀጥሎ አርቲ ነው፤ የበራ ኩራዝ በምስሎቻቸው ፊት በሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ ይዘምራሉ። እሱ ሲያልቅ እሳቱ ለቤተሰቡ ይዞራል። ሁሉም መዳፉን ነበልባሉ ላይ ዘርግቶ ወደ ፊቱ ይመልሳል። ያቺ ቅጽበት እንዳታመልጥህ! 50 ሚሊሜትሩን ለእሷ አዘጋጅ፣ ፎከሱን ቀድመህ ከኦቶ አውጥተህ በእጅ የሚስተካከለው ላይ አድርግ። በተለይ የልጆቹን እጅ።

የት ልቁም ላልከው፣ አምላኪው ወዴት እንደሚዞር እይ። ህንድ ውስጥ ቫራናሲ ከተማ፣ ዳሻሽዋሜድ ጋት የሚባለው ወደ ወንዙ የሚወርድ ደረጃ ላይ፣ በማታው አርቲ ካህናቱ የሚዞሩት ወደ ጋንጀስ ወንዝ ነው። ደረጃው ላይ የተቀመጠ ጀርባቸውን ይቀርጻል፤ ፊታቸውን የፈለገ ጀልባ ይከራያል። ሳሎን ውስጥም ያው ነው። ከምስሎቹ ጎን፣ ግድግዳውን ተደግፈህ ዝቅ በል። በሰዎቹና በምስሎቹ መሃል ግን በፍጹም አትግባ። ጂምባሉን ቤት ተወው፤ በዚያ ጠባብ ቦታ ስትንሳፈፍ ጸሎቱን ትተው አንተን ነው የሚያዩት።

ጫማ ደጅ ይወልቃል። የቆዳ ቀበቶና የቆዳ ማንጠልጠያም ባይኖር ይመረጣል። ራንጎሊው ላይ አትርገጥ። ፕራሳድ፣ ማለትም የተባረከው ጣፋጭ፣ ሲሰጡህ በቀኝ እጅህ ተቀበል። አትቅረጽ ካሉህ ደግሞ ለምን አትበል። እዚያው ቫራናሲ፣ አስከሬን የሚቃጠልበት ማኒካርኒካ ላይ ካሜራ ማውጣት ነውር ነው፤ ፑሪ የምትባለው የህንድ ከተማ ያለው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ሂንዱ ያልሆነን ሰው ጭራሽ አያስገባም። ቤታቸው መጋበዝህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የፈረንጅ አራዳው ካሜራማን
እግዜር ይስጥልኝ! መብራቱስ? አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚስብበትን መጠን) ሳበዛ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ቡና በጨው
ምንም አትትከል። አምፖሉን እንዲያጠፉ በትህትና ጠይቅና በዲያዎቹ፣ በሸክላ ኩራዞቹ ማለቴ ነው፣ ብርሃን ሥራ። ሁለት ሦስት ኩራዝ ወደ ፊታቸው ጠጋ ካደረጉልህ የሌንስህ 1.8 ክፍተት ይበቃሃል። ኤክስፖዠሩን ለፊት ቆዳ አስተካክል፤ ነበልባሉ ቢነጣ ግድ የለም። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ኦቶ ላይ አትተው፣ ያን ወርቃማ ቀለም ያጥብብሃል። አናጠፋም ካሉ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተር 1/50 ሰከንድ አድርግ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እዚያ አምፖል ስር በ120 ፍሬም ስሎው ሞሽን ብትሞክር ምስሉ ሊርገበገብብህ ይችላል።

ዲዋሊ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነው የሚውለው። ስለዚህ ደጃፍ ላይ የሚደረደሩትን ኩራዞች ድቅድቅ ሳይል፣ ሰማዩ ሰማያዊ እያለ ቅረጻቸው። አንድ ሁለቱን ቀደም ብለው ያበሩልህ እንደሆነ ጠይቅ።

ድምፅ ብቻ
ዘፈን አትጫን ከተባልክ ድምፁ ነው ፊልሙ። በካሜራው ማይክ አትመን። ስልክህን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገህ፣ ድምፅ መቅጃውን ከፍተህ፣ ከምስሎቹ አጠገብ ጨርቅ ስር አስቀምጥ፤ በጸሎቱ ከሚመታው ደወል ግን አርቀው፣ አለዚያ ድምፁ ይቀደዳል። ጸሎቱ ካለቀ በኋላም መቅጃውን አታጥፋ። የሳህኑ ኳኳታ፣ የልጆቹ ወሬ፣ «ብላ ብላ»ው ለኤዲት ወርቅ ነው።

የፈረንጅ አራዳው ካሜራማን
መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?

ቡና በጨው
ቢሄድ እሰየው! አምፖል አጥፉልኝ ብለህ ከመለማመጥ ዳንክ። ባትሪህን ብቻ ከጠዋት ጀምረህ ሙላ።