ተረኩት እንጂ አልተነተንኩትም፤ እርዱኝ

ለኮርስ ወረቀት የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቻይልዲሽ ጋምቢኖን «ዲስ ኢዝ አሜሪካ» የሙዚቃ ቪዲዮ መርጬ መሃል መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። በፈረንጆቹ 2018 የወጣው፣ ሂሮ ሙራይ ዳይሬክት ያደረገው። ወረቀቱ 5 ገጽ ነው። ጥያቄው «ምስሉ ማኅበራዊ ችግርን እንዴት ይተርካል?» ይላል።

ከ20 ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። ድምፁን ዘግቼ ማየቱ በጣም ጠቀመኝ። ሰፊ መጋዘን ውስጥ ዘፋኙና የተማሪ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ከፊት ይጨፍራሉ። ከጀርባቸው ሰው ይሯሯጣል፣ ግርግሩ ይጦዛል። ካሜራው ግን ከጭፈራው አይላቀቅም። ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ጥቁር ለባሽ በስንተኛው ጊዜ እንዳየሁት ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ።

የከነከነኝ ግን ቀዩ ጨርቅ ነው። ዘፋኙ ሰው ተኩሶ ይገድላል። ሽጉጡን አንድ ልጅ በቀይ ጨርቅ፣ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ ይቀበለዋል። ሬሳው መሬት ለመሬት ይጎተታል። ኋላ ላይ መዘምራንን ተኩሶ ሲገድልም መሣሪያው በዚያው ዓይነት ጨርቅ ይወሰዳል። ይህን የመዘምራኑን ትዕይንት በፈረንጆቹ 2015 በአሜሪካዋ ቻርለስተን ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተገደሉት 9 ጥቁር አሜሪካውያን ጋር አያይዤ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ።

ትዕይንቶቹን በየደቂቃው ከፋፍዬ፣ ከእያንዳንዱ ሥር «ይህ የዘረኝነት ምልክት ነው»፣ «ይህ የጦር መሣሪያ አምልኮ ነው» እያልኩ ሞላሁት። መምህሬ ረቂቁን «ያየኸውን ነገርከኝ እንጂ አልተነተንከውም» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ የዕቃ ዝርዝር ነው የሚመስለው። ማስረከቢያው አርብ ነው።

እንዲህ ዓይነት ወረቀት የጻፋችሁ፣ ሙሉውን ትንተና በቀዩ ጨርቅ ላይ ብቻ ባቆመው ይሻላል ወይስ ከፊትና ከኋላ በሚታየው ተቃርኖ ላይ?