የዳኛቸው ወርቁ የንባብ ማኅበር ደብረ ብርሃን ላይ ልንጀምር ነው፣ ምን ትሉናላችሁ?

የጣርማበር ልጅ፦
ሰላም ቤቶች። ደብረ ብርሃን ላይ የደራሲ ዳኛቸው ወርቁን ሥራዎች ብቻ የሚያነብና የሚያጠና ማኅበር ልናቋቁም እየተነጋገርን ነው። ሰውየው የደብረ ሲና ልጅ ነው። ልብ ወለዱ «አደፍርስ»ም የሚያወራው ስለዚሁ ስለኛ አገር ነው፣ ግን እዚህ ያለው ወጣት ስሙን ቢያውቅ ከፈተና ጥያቄ ነው። እስካሁን አንድ አስተማሪ፣ አንዲት ነርስ፣ ጥቂት ተማሪዎችና አንድ ባለሱቅ አለን። ያስቸገረን መጽሐፉ እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው፣ ፎቶኮፒ አድርገን እናድለው የሚል አለ። ደግሞ የጀመሩት ሰዎች ገና ከመነሻው «ከበደኝ» እያሉ ያስቀምጡታል። ምሁር ጋብዘን ጥናት ቢያቀርብልን ይሻላል? ፈቃድስ ማውጣት አለብን?

ጡረተኛው መምህር፦
ጎሽ ልጄ። ምሁሩ ግን ይቆይ። እንዲህ ያለ ማኅበር ሲሞት ያየሁት በንግግር ብዛት ነው፤ ሊቀ መንበር ይመረጣል፣ ማኅተም ይቀረጻል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ለእንግዳ ለስላሳ ይከፈታል፣ መጽሐፉን ግን የገለጠው የለም።

«አደፍርስ»ን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አብዛኛው ወግ ነው እኮ! ሰዎቹ ቁጭ ብለው ይሟገታሉ፣ ይተራረባሉ፣ ተረትና ምሳሌ ይወራወራሉ፣ ደራሲው መሀል ገብቶ እገሌ ልክ ነው አይልህም። በ1962 ዓ.ም. ሲወጣም አንባቢውን ግራ ያጋባው ይኼ ይመስለኛል። ለብቻህ በዓይንህ ስታነበው ማን ምን እንዳለ ይጠፋብሃል። ስለዚህ ድምፅ ተከፋፈሉ፤ ወይዘሮ አሰጋሽን አንዱ ይያዝ፣ አደፍርስን ሌላው፣ ትረካውን ደግሞ ትንፋሹ ረጅም የሆነ ሰው። ሳስተምር ክፍል ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ወይዘሮ አሰጋሽን የያዘችው ልጅ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ስትጀምር ኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፉት ሁሉ ነቁ። የአያቷን አነጋገር ነበር የምታነበው።

አገሩን የሚገልጽባቸው ረጃጅም ዐረፍተ ነገሮች ናቸው ሰው የሚጥሉት። እነሱን ከቻላችሁ ጣርማበር ተራራ ወጥታችሁ አንብቧቸው፤ ጉሙ ከታች እየተንከባለለ መጥቶ መንገዱን ሲውጠው፣ ወዲያው ደግሞ ሲገለጥና ቆላው ወለል ብሎ ሲታይ፣ ሰውየው ለምን አራት ነጥብ ለማድረግ እንደሳሳ ይገባችኋል። ጋቢ ያዙ፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ።

ወረቀትና ቀለም፦
ፎቶኮፒውን እርሱት ወንድሜ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል፣ ዳኛቸው ካረፈ ደግሞ ገና ያን ያህል አልሆነም። ወራሽ ያለው ሥራ ነው። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ካላችሁ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ይፈልግላችሁ፣ ይገኛል። እስከዚያ መምህሩ እንዳሉት ጮክ ተብሎ ከተነበበ ሁለት መጽሐፍ ይበቃችኋል። ፈቃድ ደግሞ ሻይ እየጠጡ ለማንበብ ምን ያደርጋል? በማኅበሩ ስም አካውንት መክፈትና ገንዘብ ማሰባሰብ ከፈለጋችሁ ያኔ ክልሉ ጋ ተመዝገቡ።

መርሐቤቴ፦
እኔ የማይገባኝ አንድ ደራሲ ብቻ ለምን? ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፣ ከበደ ሚካኤል ከመንዝ። «የሰሜን ሸዋ ደራስያን» ብትሉት ሰውም ይበዛላችኋል።

ጡረተኛው መምህር፦
ሰው ይበዛል፣ ንባቡ ይሳሳል። ለሦስቱም አንድ አንድ ከሰዓት ሰጥቶ ማጨብጨብ ነው የሚሆነው። ዳኛቸው ብቻውን ዓመት ይዟችሁ ይሄዳል። ከ«አደፍርስ» በኋላ ግጥሙ አለ፣ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ያሳተመው «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» (ዐሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ) የሚለው ልብ ወለድም አለ፤ የታመሙ ፊታውራሪ ወደ ዝቋላ ጠበል ሲሄዱ ነው ታሪኩ። እንግሊዝኛ የሚችሉት ተማሪዎቻችሁ እያነበቡ ለሌላው ቢነግሩ ጥሩ ሥራ ያገኛሉ።

የጣርማበር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁም። እንግዳውን ትተነዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ባለሱቁ ጓሮ እንጀምራለን፣ ወንበር ግን ከየቤቱ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የማንበብ ድፍረት የሌለው ሰው ሲመጣስ?

ነርሷ፦
ያዳምጥ! ማንም አያስገድደውም። ወይዘሮ አሰጋሽን ግን እኔ ነኝ የምይዛት፣ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።