የአባቴ ስም በዲግሪዬና በፓስፖርቴ ላይ በአንድ ፊደል ተለያየብኝ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር 7 ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪና ፒጂዲቲ (የማስተማር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ) አለኝ። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ተፈትኜ 7 አምጥቻለሁ፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው፣ 5 ወሩ አልቋል። በባሕረ ሰላጤው የዓረብ አገሮች ያለ አንድ ትምህርት ቤት በቪዲዮ ጠይቆኝ ተቀብሎኛል። የቀረኝ ዲግሪዬን አረጋግጬ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ኤምባሲው ማኅተም አስደርጌ መላክ ነው።

የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። አባቴ መሐመድ ይባላል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መሃል ላይ ያለው ኤም ዲግሪዬ ላይ ሁለት፣ ፓስፖርቴ ላይ አንድ ነው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ዲግሪ ወደሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ስደርስ ሠራተኛዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ያቺን አንዲት ፊደል በእርሳስ ጫፍ አሳየችኝና ወረቀቶቼን መለሰችልኝ።

ተመልሼ ቀበሌ ስሄድ «በአማርኛ እኮ አንድ ነው፣ ምኑን እናስተካክልልሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ በአማርኛ ምንም ልዩነት የለውም። የተማርኩበት ተቋም ዲግሪውን ድጋሚ አላትምም አለ። ፓስፖርቱን እንዳላስቀይር ደግሞ አይኤልትሱ የወጣው በፓስፖርቱ ስም ነው። ትምህርት ቤቱ የሚጠብቀኝ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ብቻ ነው፤ ይህን ዕድል ማጣት አልፈልግም።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ መምህራን፣ ሁለቱም ስም የእኔ መሆኑን የሚገልጽ የፍርድ ቤት ውሳኔ አውጥቼና በእንግሊዝኛ አስተርጉሜ ብሄድ ዲግሪዬን ያረጋግጡልኛል ወይስ ፓስፖርቱን ማስቀየር ግድ ነው?