ከሞጆ እስከ አዳማ 25 ኪሎ ሜትር፣ ኮንቴነሩ ግን ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የአነስተኛ ፋብሪካ ባለቤት፣ አዳማ

የተከበራችሁ አባላት፣ አዳማ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ የሚያመርት አነስተኛ ፋብሪካ አለኝ። ጥሬ ዕቃው በመልቲሞዳል፣ ማለትም የባሕሩም የየብሱም ጉዞ በአንድ አጓጓዥ ኃላፊነት፣ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይመጣልኛል፤ ከዚያ ወዲያ ግን መኪና ተከራይቼ የማስገባው እኔው ነኝ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር አምጥቶ፣ ዕቃውን አራግፎ ባዶውን እስከ መመለስ ድረስ ሦስት ቀን እየፈጀብኝ ነው። ባለፈው ጊዜ መኪናው ጠዋት 1 ሰዓት ከአዳማ ወጥቶ ዕቃውን ይዞ የደረሰው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነበር። ባለመኪናው መኪናው ለቆመባቸው ቀናት ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀኝ፤ ማሽኖቹም ጥሬ ዕቃ አጥተው ስለቆሙ ሠራተኞቼ ሁለት ቀን ሥራ ፈትተው ዋሉ። በቅርቡ ሁለት ኮንቴነሮች ይገቡልኛል። በፍጥነት መንገዱ ብቻ እንዲመላለሱ ባደርግ ይሻላል ወይስ ሌላ ባለመኪና ልፈልግ?

መልስ፦ የከባድ መኪና ባለቤት፣ አዳማ

ወንድሜ፣ ጊዜዎን የበላው መንገዱ አይደለም። የፍጥነት መንገዱ በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ሲከፈት አዲስ አበባ ድረስ ለሚሄድ ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ከሞጆ አዳማ ባለው ርቀት ግን ከነባሩ መንገድ ቢበዛ የደቂቃዎች ልዩነት ነው የሚያመጣው። የእኔ ሹፌር የደረሰበትንና የወጣበትን ሰዓት በትንሽ ደብተር እየመዘገበ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሸጉጦ ያስቀምጣል። በቅርቡ አንዱን ምልልስ አብረን ብንደምረው፣ በመንገድ ላይ ያለፈው ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት፣ ለመጫን የተጠበቀው ሰባት ሰዓት፣ በደንበኛው ግቢ ጫኝና አውራጅ እስኪገኝ ሌሊቱን ጨምሮ የቆመው ደግሞ አሥራ አራት ሰዓት ሆኖ አገኘነው። እርስዎም ባለመኪና ከመቀየርዎ በፊት ሰዓቱ የት የት እንደሄደ ቢመዘግቡ መልካም ነው።

መልስ፦ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ)፣ ሞጆ

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው። ከብዙ ደንበኞቼ ጋር የሚያከራክረኝ ዋናው ጉዳይ ኮንቴነሩ ሞጆ ገባ የሚል ወሬ እንደሰሙ መኪና መላካቸው ነው። ኮንቴነሩ መግባቱና ለመውጣት መዘጋጀቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ ማሳወቂያ) ቀርቦ፣ ቀረጥና ታክሱ ተከፍሎ፣ ዕቃው በየትኛው የጉምሩክ ፍተሻ መስመር እንደተመደበ ታውቆ መልቀቂያው በእጅ እስኪገባ ድረስ መኪናው አዳማ ቢቆይ ይሻላል። አረንጓዴ መስመር ከሆነ ያለ ፍተሻ ይለቀቃል፤ ቢጫ ከሆነ ሰነዱ ይመረመራል፤ ቀይ ከሆነ ግን ኮንቴነሩ ተከፍቶ ዕቃው በአካል ስለሚፈተሽ፣ በዚያ ቀን መኪና ጠርቶ ማቆም ገንዘብን በከንቱ ማፍሰስ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላም ኮንቴነርዎ ከሌሎች ሥር ተደርድሮ ከሆነ የላዮቹ ተነሥተው እስኪወጣ መጠበቅ ይኖራል፤ ባቡር ብዙ ኮንቴነር በአንድ ጊዜ ሲያራግፍ ደግሞ ወረፋው ይረዝማል። ነገር ግን መኪናውን አዘግያለሁ ሲሉ ከክፍያ ነፃ የሆኑት የማከማቻ ቀናት እንዳያልፉብዎት ይጠንቀቁ፤ ሁለቱን ወጪዎች ጎን ለጎን አስልተው ይወስኑ። መልቀቂያው ካለዎት ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከበሩ መድረስን እመክራለሁ።

መልስ፦ የተሳቢ ሹፌር

ትራንዚተሯ እህቴ ስለ ሰነዱ የተናገሩት እውነት ነው፤ ስለ ማለዳው ግን በእኔ ልምድ ሁሉም ያንኑ ስለሚያስብ የማለዳው ሰልፍ ከሁሉም ይረዝማል። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ደርሼ ሲመሽ ጭኜ የወጣሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ይህ የሚጠቅመው ግን ፋብሪካው መብራት ካለውና ሌሊት የሚያራግፍ ሰው ካዘጋጀ ብቻ ነው። የጥያቄው ባለቤት ጥሬ ዕቃ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ከሆነ፣ አንድ ሺህ ከረጢት 25 ቶን ነው፤ ይህን ስምንት ሰው ሳያርፍ ቢያወርድ እንኳ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ጫኝና አውራጆቹን ኮንቴነሩ ከሞጆ ሲነሣ ይጥሯቸው፤ በር ላይ ደርሰን ፍለጋ የተጀመረ ዕለት ለእኛ እዚያው ማደር ነው።

ሌላው ባዶው ነው። በሩ የተጣመመ ወይም ወለሉ የተቀደደ ኮንቴነር ሲመለስ ክርክር ስለሚነሣ፣ ስትረከቡም ስታስረክቡም በስልክ ፎቶ አንሡት፤ የሲሉንም (የኮንቴነሩ በር የታሸገበትን ማሸጊያ) ቁጥር ከሰነዱ ጋር ሳታመሳክሩ ከበር አትውጡ።

መልስ፦ የፋብሪካ ሎጂስቲክስ ሠራተኛ፣ ሐዋሳ

እኛ ከሞጆ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምንርቅ መኪና በከንቱ ማቆም አንችልም። መፍትሔ የሆነልን ከባለመኪናው ጋር ተነጋግረን ጎታቹ (የመኪናው የፊት ክፍል) ተሳቢውን ከነኮንቴነሩ ግቢያችን ትቶ፣ ቀደም ብለን ያራገፍነውን ባዶ ጎትቶ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ለዚህ ትርፍ ተሳቢ ያለው ባለመኪና ያስፈልጋል። እርስዎ ሁለት ኮንቴነር ስላለዎት በደንብ ይስማማዎታል፤ ግቢዎ ግን ተሳቢው የሚዞርበት ስፋትና ክብደቱን የሚችል ጠንካራ መሬት እንዳለው አስቀድመው ያረጋግጡ። የእኛ ግቢ በክረምት ሰምጦ አንድ ተሳቢ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያለፈውን ምልልስ ከሹፌሩ ጋር ስደምረው፣ ከሦስቱ ቀናት ከግማሽ የሚበልጠው ያለፈው በእኔው በር ላይ ሆኖ አገኘሁት፤ ባለመኪናውን ያለ ጥፋቱ ስለተቆጣሁት ዛሬ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ግቢዬ ጠባብ ስለሆነ ተሳቢ ማስቀረቱ አይሆንልኝም፤ የሌሊት ማራገፉን ግን እሞክረዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ በውሉ ላይ መኪናው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስንት ሰዓት እንዲጠብቅ ብጽፍ አግባብ ይሆናል?

መልስ፦ የከባድ መኪና ባለቤት፣ አዳማ

እኔ የምዋዋለው ሞጆ ላይ አምስት ሰዓት፣ ፋብሪካው በር ላይ ደግሞ ስድስት ሰዓት ብዬ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በሰዓት ይታሰባል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሹፌሩ በር ላይ ደርሶ ለጥበቃው ካስመዘገበበት ደቂቃ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ ባዶውን የመመለሱ ምልልስ በዋጋው ውስጥ መካተቱንም ለይታችሁ ተፈራረሙ።