የመንጋጋ እብጠት፦ የቱን ምርመራ እናስቀድም? የትስ እንሂድ?

እህቴ፣ የወንድምሽ መንጋጋ ማበጡን ጽፈሽ የቱን ምርመራ እንደምታስቀድሙና የት እንደምትሄዱ የጠየቅሽውን ሳነብ የራሴ ታናሽ ወንድም ትዝ አለኝ። የእሱም መንጋጋ ሳያመው ነው ቀስ እያለ ያበጠው። አንድ ክሊኒክ «የጥርስ መመረዝ ነው» ብለው ሁለት ጥርስ ነቅለው በአሞክሳሲሊን ሸኙት። እብጠቱ ግን መጨመሩን አላቆመም። እባካችሁ፣ በቂ ራጅ ሳይነሳ ጥርስ አታስነቅሉ።

አፍ ውስጥ የምትገባው ትንሿ ራጅ የምታሳየው ሁለት ሦስት ጥርስ ነው። ፓኖራሚክ የሚባለውን ትልቁን ራጅ አስነሱ፤ ሁለቱንም መንጋጋ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያሳያል፣ ከሲቲ ስካንም ይረክሳል። የወንድሜን ፊልም መስኮት ላይ ይዘን ስናየው አጥንቱ የሳሙና አረፋ መስሏል። ሐኪሙ አሜሎብላስቶማ የሚባል የመንጋጋ እጢ ጠረጠረ፤ ካንሰር አይደለም፣ አጥንት ግን እየበላ ይሄዳል። ኬራቶሲስት የሚባለው የመንጋጋ ከረጢትም ያንኑ መልክ ሊያሳይ ስለሚችል በፊልም ብቻ አይወሰንም። ሲቲ ስካን እብጠቱ ሲተልቅ ወይም ላይኛው መንጋጋ ላይ ሲሆን አይታለፍም፤ እዚያ ሳይነስ የሚባለው የፊት አጥንት ክፍተትም ዓይኑም ቅርብ ናቸው።

በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ቶሎ ይደርሳል፤ እጢው ውኃ ከቋጠረ ግን ፈሳሹን ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የእኛ «በቂ ሴል የለውም» ተብሎ ተመለሰ። ቁርጡን የሚናገረው ባዮፕሲ ነው፤ ከእብጠቱ ቁራጭ ተቆርጦ ይመረመራል። ሽንብራ የምታክል ቁራጭ ፎርማሊን በሚባል ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ አድርገው ሲሰጡን ፓኖራሚኩን አብረን ወሰድን፤ እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) ስላይዱን ከፊልሙ ጋር ሲያገናዝብ ነው አንዱን ከሌላው በደንብ የሚለየው።

ፓኖራሚኩን ማሽኑ ያለው የግል ክሊኒክ አስነሱት። ለባዮፕሲውና ለሕክምናው ግን የማክሲሎፌሻል ሰርጀን (የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም) ያለበት ይሻላል፤ እኔ አዲስ አበባ ያለውን የካቲት 12 ሆስፒታልን እመርጣለሁ። ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ለናሙናው ምርመራ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል።

ውጤቱ ሳይመጣ «እንጥረገው» (እጢውን ብቻ ፍቀን እናውጣው) ካሏችሁ እሺ አትበሉ። አሜሎብላስቶማ ተጠርጎ ብቻ ሲተው ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከዙሪያው ጤነኛ አጥንት ጨምረው ነው የሚቆርጡት። ኦዶንቶማ (ከጥርስ ዓይነት ቁስ የተሠራ እጢ) ከሆነ ግን ተለቅሞ ይወጣል፣ እምብዛምም አይመለስም።

ወንድምሽ ስንት ዓመቱ ነው? ልጅ ከሆነና በጊዜው ያልወጣ ጥርስ ካለው፣ ኦዶንቶማ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት።