ፉኩኦካ ሄጄ አሳማ ያልገባበት ራመን እንዴት ላግኝ?

ከኮምቦልቻ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 54 ነው፤ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል እሠራለሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለካይዘን ሥልጠና ወደ ጃፓን እሄዳለሁ። የምንቀመጠው ፉኩኦካ ግዛት ውስጥ ባለችው ኪታኪዩሹ ከተማ ነው፤ 6 ሳምንት እንቆያለን። ቀደም ብለው ሠልጥነው የተመለሱ ባልደረቦቼ ስለ ራመን፣ ማለትም በትኩስ መረቅ ስለሚቀርበው ፓስታ መሰል ኑድል፣ አውርተው አይጠግቡም። እኔም ከሥራ ከወጣው ሠራተኛ ጎን ባንኮኒ ላይ ተቀምጬ፣ እንፋሎቱ ፊቴን እየመታው አንድ ሳህን መብላት እፈልጋለሁ። ሰው አገር ሄዶ የሰውን ምግብ ሳይቀምሱ መመለስ ደስ አይለኝም።

ነገር ግን የአሳማ ሥጋ በልቼ አላውቅም፤ እዚያ ሄጄም አልጀምርም። በዚያ ላይ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እኔ ደግሞ እጾማለሁ። ጃፓንኛ አልችልም። አንድ ባልደረባዬ «ሥጋውን አንስተህ ዳር አድርገውና ብላ» አለኝ። እውነት ይህ ይበቃል? ደግሞ የምግቡ ቲኬት የሚቆረጠው ከማሽን ነው ይላሉ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ እንዴት አድርጌ ልጠይቅ? የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መንገደኛው፦

ጋሼ፣ ብዙ አይጨነቁ። እኔ ለ10 ቀን ሥራ ሄጄ ሥጋውን እያነሳሁ በልቻለሁ። መንገደኛ ያገኘውን ነው የሚበላው። ዋናው ጣዕም ያለው መረቁ ላይ ነው፤ እርሱን እንዳይተዉት።

የሀካታ ትዝታ፦

መንገደኛው ወንድሜ፣ ለራስህ የመረጥከው ያንተ ጉዳይ ነው። ለጋሼ ግን እንዲህ ብለህ አትምከር። እርሳቸው አልበላም ያሉት አሳማ ያለው መረቁ ውስጥ ነው።

ጋሼ፣ እኔ ፉኩኦካ 3 ዓመት ተምሬያለሁ። የሚሄዱበት አገር የቶንኮትሱ አገር ነው። «ቶን» አሳማ፣ «ኮትሱ» አጥንት ማለት ነው። የአሳማ አጥንት በኃይለኛ እሳት ለብዙ ሰዓት ሲንተከተክ ቅልጥሙና ስቡ ከውኃው ጋር ተዋሕዶ መረቁ እንደ ወተት ይነጣል። ቶንኮትሱ የተጀመረው እዚያው ፉኩኦካ ግዛት፣ ኩሩሜ በምትባል ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ዝም ብለው «ራመን» ካሉ የሚቀርብልዎ እርሱ ነው።

በእኔ የደረሰውን ልንገርዎ። በሄድኩ በመጀመሪያው ወር ብቻዬን አንድ ራመን ቤት ገባሁ። ሥጋ በጃፓንኛ «ኒኩ» እንደሚባል ተምሬ ስለነበር «ኒኩ የሌለው» ብዬ ጠየቅሁ። አስተናጋጁ በትሕትና «እሺ» ብሎ ኑድሉን፣ የሽንኩርት ቅጠሉንና ሰሊጡን ብቻ አድርጎ አመጣልኝ። ግማሹን ከበላሁ በኋላ ቀና ስል ምግብ አብሳዩ ከትልቁ ድስት አጥንት በጭልፋ ያወጣል። የአሳማ የራስ ቅል ነበር፤ መንጋጋው ከነጥርሱ ይታያል። የመብያ እንጨቶቹን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ያን ቀን ሌላ እህል አልቀመስኩም። ሰውየው ግን አላታለለኝም። እኔ ስለ ሥጋ ጠየቅሁ፣ እርሱም ስለ ሥጋ መለሰልኝ። በእነርሱ ቋንቋ ከላይ የሚደረደረው ሥጋ ሌላ ነው፣ መረቁ ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሳህኑን ከሥር ጀምሬ መጠየቅ ለመድኩ። ከሳህኑ ሥር ጨውና ጣዕም የሚሰጠው «ታሬ» የሚባል ወፍራም ስጎ አለ፤ ብዙ ቤቶች የአሳማው ሥጋ የተቀቀለበትን የአኩሪ አተር ስጎ ይጨምሩበታል። በላዩ መረቁ ይፈስበታል። ከዚያ ስብ ወይም ዘይት ጠብ ይደረግበታል፤ እርሱም የአሳማ ስብ ሊሆን ይችላል። ኑድሉ የስንዴ ዱቄት ነው፤ አንዳንዱ ግን እንቁላል ስላለበት በጾም ይህንንም ይጠይቁ። ከላይ ያለው ሥጋ «ቻሹ» ይባላል፤ ለዓይን የሚታየው እርሱ ብቻ ነው። «ሾዩ ነው፣ ሚሶ ነው» ቢሉዎትም አይመኑ፤ የአኩሪ አተር ስጎ ወይም የተብላላ አኩሪ አተር አለበት ማለት እንጂ አሳማ የለበትም ማለት አይደለም። ሚሶው ብዙ ጊዜ ከተፈጨ የአሳማ ሥጋ ጋር ነው የሚጠበሰው።

እርስዎ የሚፈልጉት «ቶሪ ፓይታን» የሚባለውን ነው። ቶሪ ማለት ዶሮ ነው። የዶሮ አጥንት በተመሳሳይ መንገድ ተንተክትኮ የሚነጣ መረቅ ነው። የፉኩኦካ ሰው ዶሮ ያውቃል፤ ሚዙታኪ የሚባለው የዶሮ መረቃቸው የታወቀ ነው። ከኪታኪዩሹው ኮኩራ ጣቢያ ፉኩኦካ ከተማ ውስጥ ወዳለው ሀካታ በፈጣኑ ባቡር 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከመነሳትዎ በፊት ቶሪ ፓይታን የሚሠራ ቤት በካርታ ላይ ፈልገው ይሂዱ።

ስለ ማሽኑ አይስጉ። ብር ከማስገባትዎ በፊት ነው መጠየቅ። ቤቱ እንደተከፈተ፣ የምሳ ሰልፍ ሳይጀምር ይግቡ። ይህን በወረቀት ጽፈው ይያዙ፦ «ቡታ ዋ ታቤራሬማሴን» (አሳማ መብላት አልችልም)፤ «ሱፑ ኒ ቡታ ጋ ሃይቴ ኢማስ ካ» (መረቁ ውስጥ አሳማ አለ?)። በጃፓን ፊደልም ያስጽፉት፤ የሥልጠና አስተባባሪዎ በደቂቃ ይጽፉልዎታል። የለም ካሉዎት ቁልፉን ተጭነው ቲኬቱን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡ። ውኃው ነጻ ነው፤ ለአስተናጋጅ ጉርሻ አይሰጥም። ኑድሉን ድምፅ እያሰሙ መሳብ ነውር አይደለም፤ ትኩሱ የሚበላው እንዲያ ነው። እንጨቶቹን ምግቡ ላይ አያቁሟቸው፤ ለሞተ ሰው የሚደረግ ሥርዓት ነው። በልተው ሲጨርሱ ደግሞ ብዙ አይቀመጡ፤ ውጭ የቆመ ሰው አለ።

ኑድሉ ቢያንስዎ «ካኤዳማ» ይበሉ፤ ብዙ የሀካታ ቤቶች በቀረው መረቅ ላይ ተጨማሪ ኑድል ያደርጉልዎታል። እኔ 150 የን እከፍል ነበር። ልማዱ የመጣው እዚያው ፉኩኦካ ከተማ ካለው ከናጋሃማ የዓሣ ገበያ ነው። ሠራተኞቹ ስለሚቸኩሉ ቶሎ የሚበስል ቀጭን ኑድል ተሠራላቸው፤ ቀጭኑ መረቅ ውስጥ ሲቆይ ስለሚልም ጥቂት ጥቂት እያሉ መጨመር ተለመደ።

ካትሱሺካ ነዋሪ፦

እህታችን ሁሉንም ብላዋለች። እኔ ስለ ጾሙ ልጨምር። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በካትሱሺካ ነው የምኖረው፤ ጾም ሲገባ ራመን ካማረን ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ ቲስ ታንታን ወደሚባለው ቤት እንሄዳለን። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልም ሆነ ወተት የለበትም፤ መረቁን የሚያወፍረው ሰሊጥ ነው። ቤቱ ከባቡር መግቢያው በር ውስጥ በኬይዮ መተላለፊያ በኩል ስለሆነ፣ ትኬት ይዘው ሲያልፉ ነው የሚያገኙት። በቶኪዮ በኩል የሚመለሱ ከሆነ አይለፍዎት። ሌላ ቦታ «የአትክልት ነው» ቢባል ግን መረቁ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ሊኖር ይችላል።

ደግሞ ጋሼ፣ ዝርዝር ብር ይያዙ። ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ከ1,000 የን በላይ የሆነ ኖት አይቀበሉም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 የወጣውን አዲሱን ኖት የሚመልሱም አሉ።

ከኮምቦልቻ (ከ2 ወር በኋላ)፦

ወገኖቼ፣ በሰላም ገብቻለሁ። የመከራችሁኝን ሁሉ አደረግሁ።

ጾሙ ሳይገባ በነበረው ቅዳሜ ሀካታ ሄድኩ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ባንኮኒው ዘጠኝ ወንበር ብቻ አለው። ወረቀቴን በሁለት እጄ ሰጠሁ። ምግብ አብሳዩ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ከዚያ ከባንኮኒው ሥር አንድ ጣሳ አውጥቶ አሳየኝና እጁን አወዛወዘ። ስቡ ነበር። መረቁ የዶሮ ሆኖ ሳለ ከላይ የሚያደርጉት የአሳማ ስብ ነው ማለት ነው። ጣሳውን መልሶ ከሌላ ዕቃ የዶሮ ስብ በማንኪያ ቀዳልኝ፤ ቻሹውንም በዶሮ ሥጋ ለወጠልኝ። ሳልጠይቀው ጭልፋውን ቀይሮ ነው የቀዳው። ይህን መቼም አልረሳለትም።

መረቁ ከንፈር ላይ ያጣብቃል፤ እናቴ ለታመመ ሰው የምትሠራውን የዶሮ መረቅ አስታወሰኝ። እያበሰለ ሳየውም ደስ አለኝ። በፈላው ውኃ ላይ ስድስት ማጥለያ ተሰቅሏል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ሰዓት አለው። ሰዓቱ ሲጮኽ ማጥለያውን አንስቶ ሦስት ጊዜ ያራግፋል፣ ከዚያ ሳህን ውስጥ። ሰውየው አንድም እርምጃ አልተራመደም፤ የሚፈልገው ሁሉ እጁ የሚደርስበት ቦታ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በክፍል ውስጥ የተማርነውን እዚያ ባንኮኒ ላይ አየሁት። ካኤዳማም ጨመርኩ።

በጾሙም በመመለሻዬ ቶኪዮ ጣቢያ የሰሊጡን በላሁ፤ ካትሱሺካ ነዋሪ፣ ተባረክ። የሀካታ ትዝታ እህቴ፣ ወረቀቱን በመጋቢት ለሚሄደው ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ከታች «አቡራ» (ስብ) የሚለውን ቃል ጨምሬበታለሁ፤ ስቡንም እንዲጠይቅ።